የእሑዱ ድንጋይ

በደርግ ጊዜ ነው፤ ከጢስ ዓባይ ወደ ባሕር ዳር በሚመለሰው አውቶቡስ፣ ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ ቄስና አንዲት ሴት ያወራሉ።

«የኮሌጁ ረዳት ኮሚቴ ዛሬም ቀበሌ ጠርቶናል፣ አባ።»

«አሁን ደግሞ ምን ሊረዱ ነው?»

«እነሱማ ምን ይረዳሉ፤ የምንረዳው እኛ። ኮሌጁ እያደገ ነው ይሉናል።»

«ያድጋል እንጂ። የሰው ጓሮ እየበላ ለምን አያድግ?»

«ያኔ እሑድ እሑድ ድንጋይ ስናግዝ እርስዎም ነበሩ?»

«ከቅዳሴ ወጥቼ በዚህ ትከሻዬ ተሸክሜያለሁ። ለመማሪያ ክፍል ነው ብለውን አልነበር?»

«ብለውን ነበር። እኛም እልል አልን፤ የቀበሌው ሊቀ መንበርም አጨበጨበልን።»

«ኋላ ድንጋዩ አጥር ሆኖ ቁጭ አለ።»

«ወደ ሐይቁ የምንወርድበትን መንገድ ዘጋብን። ይኸው ውኃ የምቀዳው ዞሬ ነው።»

«እኔም ወደ ታንኳው የምሄደው ዞሬ ነው። ታዲያ ዛሬ ለምን ጠሯችሁ?»

«ሰፈርተኛው አጥሩን እየዘለለ ውኃ ይቀዳል፤ ድንጋይ ጨምሩና ከፍ እናድርገው ነው የሚሉ።»

«ትሄጃለሽ?»

«ምን ላድርግ፣ አባ፤ የቀረ ሰው ከቀበሌ ስኳር አያገኝም።»

«እንግዲያ ትንንሹን እየመረጥሽ ተሸከሚ።»

ኮሌጁ ውስጥ አስተምር ነበርና በሩ ላይ ወራጅ ነበርሁ፤ አውቶቡሱ ሲቆም ግን ከመቀመጫዬ ሳልነሳ እስከ ፋሲሎ ሰፈር አለፍሁ።