ጭራውን እንጫነው

በደርግ ጊዜ አዋሳ ቱላ በኩል የመንግሥት እርሻ ትራክተር ነጂ ነበርኩ። አንድ ቀን ምጥ የጠናባትን ሴት አዲስ አበባ ሊወስድ የመጣ ትንሽ አውሮፕላን የእርሻችን ሣር ሜዳ ላይ አረፈና አፍንጫውን ወደ አጥሩ እንዳደረገ ጥግ ደርሶ ቆመ። የፊት ጎማው መሪ ተቆልፎ ወደ ጎን ወይ ፍንክች! "ፊቱን ወደ ሜዳው ብቻ አዙሩልኝ፣ ሌላውን ለእኔ ተዉት" አለ አብራሪው።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ቦርጫቸው ከሳቸው ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነበሩ። ገመድ አስመጡና "ጎማውን በትራክተር ጎትተህ አዙረው!" አሉኝ። "ጓድ፣ የተቆለፈ ጎማ በጉልበት ከተጎተተ ይሰበራል" ብላቸው "አሻጥር ነው?" ብለው አፈጠጡብኝ። ያኔ ይቺ ቃል ሰው ታስበላለች። እኔ ግን ሥራዬን አውቃለሁ፤ ባለ ሁለት ጎማ ተጎታች ከኋላ ጭነት ሲበዛበት አፍንጫው ብድግ ይላል። "አንጎትተውም፤ ጭራውን እንጫነው" አልኩ። አብራሪው "ይሄ ያስኬዳል" ብሎ የሚያዝበትን ቦታ አሳየን። አራት ሆነን ተጫንነው፤ አልበቃም። "ጓድ፣ እርስዎም ይምጡ እንጂ!" አልኩ። እያጉረመረሙ መጥተው ሲንጠለጠሉበት የፊት ጎማው ከመሬት ተነሣ። አውሮፕላኑን እንደ በር ገፍተን አዞርነው፤ ሴትዮዋም ተሳፍራ ሄደች።

በሳምንቱ ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ "አውሮፕላኑ የዞረው በእኔ አመራር ነው!" ብለው ደረታቸውን ነፉ። ሰው ሁሉ እኔን ያየኛል። ከሁሉ ቀድሜ አጨበጨብኩ፤ ከልቤ ነው ታዲያ። ያለዚያ ቦርጭ ያ አፍንጫ መቼ ይነሣ ነበር?