የሰው አያት ቆጣሪ

ወደ ፊንስበሪ ፓርክ በሚሄደው ባስ ላይ አንዲት እናት አጠገባቸው የተቀመጠችውን ሐበሻ ተማሪ ያዋራሉ።

«ምን ትማሪያለሽ ልጄ?»

«የስካንዲኔቪያን ባህል፣ ታሪክና ሥነ ጽሑፍ።»

«ጎሽ! የኛን ጨርሰሽ ነዋ።»

«ኧረ እማማ፣ በጣም ኢንተረስቲንግ ነው። የድሮ ታሪካቸው ሲጀምር የባለታሪኩን አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያለ ይቆጥራል። እኔ ለፈተና የአንዱን እስከ ሰባት ትውልድ በቃሌ ይዣለሁ።»

«እኛስ ለጋብቻ ሰባት ቤት እንቆጥር የለ? ያውም ያለ ዩኒቨርሲቲ።»

«ሪሊ?»

«እስቲ ያንቺን ቁጠሪልኝ።»

«ሊያ፣ ተስፋዬ፣ ዓለሙ፣ እ...»

«ዓለሙ ማን?»

«ቆይ፣ ዳድን ቴክስት ላድርገው።»

«ተዪው ልጄ፣ ፈተና ላይ አይመጣም።»

እኔም ከኋላቸው ተቀምጬ የራሴን በልቤ ስቆጥር፣ አራተኛው ላይ እንደቆምኩ መውረጃዬ አለፈኝ።