ሦስተኛው ኪኒን

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚሄድ ሚኒባስ፣ ከፊቴ የተቀመጡት እናት ላባቸውን እየጠረጉ ኪኒን አወጡ። አጠገባቸው ያለችው ወጣት እጃቸውን ያዘች።

«እማማ፣ የምን ነው?»

«የጡንቻ ድካም መድኃኒቴ። ዛሬ ጉልበት ከዳኝ፤ ልጨምር ብዬ።»

«የጠዋቱን ውጠዋል?»

«በፍልሰታ? ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቀኑ ጋር ደርቤ ዋጥሁት።»

«ሁለቱን ባንዴ! ሆድዎን ይቆርጥዎታል? ምራቅዎ በዝቷል?»

«በሽታው ነው እንጂ።»

«እኔ ነርስ ነኝ፤ መድኃኒቱ ሳይበዛብዎት አልቀረም። ይህን እንዳይውጡ!»

«ተይኝ ልጄ፣ እጄ እየዛለ ነው።»

«እኮ፣ ሲበዛም ያዝላል። ሾፌር፣ ሆስፒታል አድርሰን፤ ማርከሻው መርፌ እዚያ ነው! እማማ፣ ለታመመማ የንስሓ አባትዎ አይፈቅዱም?»

«ፈቅደውልኝ ነበር። ጎረቤት ምን ይለኝ ብዬ ነው።»

እኔም ሳልውጠው የዋልሁትን የደም ግፊት ኪኒን በቦርሳዬ ውስጥ በጣቴ ዳሰስሁት።