ለበረከት የተወሰደው የበር እንጨት

ስም፦ ወ/ሮ አዲስአለም ኃይለ ልዑል
ዕድሜ፦ 46
ሥራ፦ የመንግሥት ሠራተኛ
አድራሻ፦ ሰመራ ከተማ
ቃሉ የተሰጠው፦ አዋሽ ሰባት ኪሎ ፖሊስ ጣቢያ፣ የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ተወልጄ ያደግሁት አዋሽ ሰባት ኪሎ ሲሆን፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ያለችውን ጥንታዊት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን የሚያሳድሰው ኮሚቴ አባል ነኝ። ግንቧ አንድ ረድፍ ድንጋይ፣ አንድ ረድፍ እንጨት እየተደረገ የተሠራ ነው። የምዕራቡ በር እንጨቶች አንዱ በሌላው ውስጥ እየገባ የተቆላለፉ ናቸው፤ ምስማር የሚባል ነገር የለባቸውም። በሩ ለእድሳት ሲፈታ እያንዳንዱ እንጨት ቁጥር ተጽፎበት በሸራ ተሸፈነ። ጥበቃው አቶ ጀማሉዲን ነበር።

የአስተርእዮ ማርያም ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ሥራውን ልይ ብዬ ወደ ሸራው ሄድኩ። ጫፉ ክብ ሆኖ የተጠረበ አጭር እንጨት አንስቼ ተሳለምኩትና በነጠላዬ ሸፈንኩት። አቶ ጀማሉዲን አይቶኝ «እትዬ፣ ይሄ እኮ ቁጥር አለው» አለኝ። «ለበረከት ነው፣ ምን አለበት!» አልኩት። የቤተ ክርስቲያን አፈር እንኳ ለበረከት ይወሰድ የለ? እሱም የሃይማኖታችሁ ጉዳይ ነው ብሎ ተወኝ። ሰመራ ወስጄ ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት።

አናጢዎቹ በሩን መልሰው ሲገጥሙ መቃኑን የሚቆልፈው ያ አጭር እንጨት ታጣ፤ ያለ እሱ በሩ አልቆም አለ። ኮሚቴው ተሰብስቦ ጥበቃው ለቱሪስት ሸጦት ነው ሲባል እኔም እዚያው ነበርኩ። አፌን ምን እንደያዘው አላውቅም ብል ውሸት ነው፤ ሌባ እንዳልባል ፈርቼ ነው። ሰውየው ታሰረ።

ትናንት ባለቤቱ ወ/ሮ ሰዓዳ ከአዋሽ ሰመራ ድረስ በአውቶቡስ መጥታ፣ ከዚያው እንጨት ሥር ተቀመጠች። «ጀማሉ ማን እንደወሰደው ያውቃል። ለበረከት የወሰደን ሰው ሌባ አላስብልም ብሎ እንቢ አለኝ። ወላሂ እትዬ፣ እርስዎን ይሰሙዎታል፣ አንድ ነገር ይበሉልኝ» አለችኝ። ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። እኔ ምሳ ብዪ አልኳት። ምነው ያኔ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! እሷን እንደሸኘሁ አውርጄው ዛሬ ይዤው መጣሁ።

ጠረጴዛው ላይ ያለው እንጨት እሱ ነው ወይ ተብዬ ተጠይቄ፣ አዎ ብያለሁ። መሃሉ ላይ ያለው ቀዳዳ የጥንት ነው ወይ ለተባልኩት፣ አይደለም። ግድግዳዬ ላይ ልሰቅለው ብዬ ምስማር የመታሁበት እኔ ነኝ።

ቃሌ ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ፤ የተናገርኩት ይኸው ነው፣ የጨመርኩትም የደበቅኩትም የለም። አቶ ጀማሉዲን ይፈታልኝ።

የቃል ሰጪ ፊርማ፦ አዲስአለም ኃይለ ልዑል
ቃሉን የተቀበለው፦ ም/ሳጅን ባፈና መለሰ (ፊርማ)