ለታመመ ሰው የሚወሰድ ምግብ

ሐረጓ በእስራኤል፣ ኔታንያ ከተማ ወደ ገበያ የወጣችው ለባሏ ለተፈራ ናክኒክ የሚሉትን ቋሊማ ልትገዛ ነበር። ተፈራ የአንጀት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስምንት ወሩ፣ መድኃኒቱን ከጨረሰ አንድ ወሩ ነው። ሰውየው ከስቷል። ባል ሲከሳ ደግሞ የምትታማው ሚስት ናት፤ ሐረጓም ከበሽታው እኩል ሐሜቱን ትፈራለች።

ተፈጭቶና ተቀምሞ የተጠቀጠቀውን ቀይ ሥጋ አስመዝና፣ ነጭ ዳቦና ሁለት ጠርሙስ ኮላ ጨምራ ዘወር ስትል ከኖጋ ጋር ተገጣጠመች። ኖጋ ባለፈው ዓመት በዚሁ በሽታ የሞተው የሐረጓ ጎረቤት የዘበነ ልጅ ናት። እዚሁ ተወልዳ፣ ስለ ምግብና ጤና ተምራ፣ ኩፓት ሆሊም በሚሉት የጤና ድርጅት ሕመምተኞችን ትመክራለች።

"ሻሎም እማማ ሐረጓ። አባባ ተፈራ እንዴት ናቸው?"

"ተመስገን፣ አለልሽ። ይኸው ጉልበት የሚሆነውን ልወስድለት ነው።"

ኖጋ ከረጢቱን አየችና ፊቷ ተለወጠ። "እማማ፣ ቢቆጡኝም ልናገር። ይህን አይስጧቸው።"

"ምነው ልጄ! ምስርና ጎመን ላቅርብለት? ያ እኮ ጎንደር ሳለን ያጣ ሰው የሚበላው ነው። ከሞት የተረፈ ባሏን ጎመን አበላችው ልባል?"

"ሰው ያሻውን ይበል! ቁስል ሲቆጣ አይተው የለ? ሰውነትም ውስጥ ውስጡን እንዲያ ይቆጣል፤ ሐኪሞች ብግነት ይሉታል። እንዲህ ያለ ሥጋ፣ ነጭ ዱቄትና ስኳር ሲዘወተር ያባብሰዋል። ከአንጀት ካንሰር ሕክምና በኋላ ሰዎችን ለዓመታት ተከታትለው አጥንተዋል፤ እንዲህ ሲበሉ ከኖሩት መካከል በሽታው የተመለሰባቸውና የሞቱት በዝተው ተገኙ።"

"ጎመን ካንሰር ያድናል በይኛ!"

"አልልም። መድኃኒትንም አይተካም። ዕድላቸውን ግን ሊያሰፋው ይችላል።"

ሐረጓ ተናደደች። "ለአባትሽስ ይህን ነግረሽው ነበር?"

ኖጋ አቀረቀረች። "አልነገርኩትም። እያወቅሁ ዝም አልኩ። ጠያቂ ያመጣውን አትብላ ማለት ነውር መሰለኝ። የበሽታውን ስም እንኳ ፊቱ አትጥሩ ተብለን ነበር። ዝም አይነቅዝም ትላላችሁ፤ የእኔ ዝምታ ግን ነቀዘ፣ እማማ።"

ሐረጓ ክው አለች። በየዓርቡ ለዘበነ ናክኒክ ይዛ የምትሄደው እሷ ነበረች። በቃኝ ሲላት "በሞቴ!" እያለች ያጎረሰችውም እሷው ናት።

"እኔ እኮ ነኝ..." አለች።

"ሁላችንም ነን። ያ ምግብ ገደለው አልልም፤ ማንም አያውቅም። እኔን የሚያንገበግበኝ ዝም ማለቴ ነው።"

አየ የእኛ ነገር! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብለን የተረትን እኛ፣ የበሽታውን ስም ደብቀን ሰው እንቀብራለን። ረኃብን ስለምናውቅ ፍቅራችንን በሥጋና በስኳር እንለካለን። ታማሚው ምን ይሻለው እንደሆነ ግን የሚጠይቅ የለም።

"እንግዲያ ምን ላብላው?" አለች ሐረጓ፣ ድምፅዋ ሰልሎ።

"ምስር፣ ጎመን፣ ዓሣ፣ ያልተፈተገ እህል። አንጀታቸው ገና ነውና ሐኪማቸውን ጠይቀው ጥቂት በጥቂት ያስለምዷቸው። በኮላው ፋንታ ውኃ። በየቀኑም ወደ ባሕሩ ዳር ይራመዱ።"

ሐረጓ ከረጢቱን እዚያው ትታ ጎመን ገዝታ ገባች። ተፈራ አጉረመረመ፤ በላ ግን።

ዓርብ ከሰዓት ጎረቤታቸው ገበየሁ ያንኑ ናክኒክና ኮላ ይዞ መጣ። ሐረጓ በሩ ላይ ቆመች።

"አንተ ግባ፤ ከረጢቱ ግን አይገባም።"

"ጉድ ፈላ! ወደ ታማሚ ቤት ባዶ እጄን ልግባ?"

"ባዶ እጅህን ግባና ተፈራን ባሕሩ ድረስ አራምደው። የታመመው ካንሰር ነው፣ ገበየሁ። ስሙን ጥራው።"

ገበየሁ ደነገጠ፤ ከዚያ ከረጢቱን ደጅ አስቀምጦ ገባ። ከዚያን ዕለት ወዲህ በየቀኑ አብረው ይወጣሉ፤ መጀመሪያ እስከ መንገዱ ማዶ፣ ኋላ እስከ ባሕሩ። ተፈራ እንቅልፉ ተመለሰ፣ መብላት አማረው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስለ ሕመሙ ማውራት ጀመረ።

ሐረጓ በመስኮት ታያቸዋለች። ሁለቱ ሽማግሌዎች በዘበነ ቤት ሥር ሲያልፉ እንባዋ ይመጣል። ለእሱ በሩ ላይ የቆመለት አልነበረም፤ በሩን ከፍታ የገባችው እሷ ናት፣ ከነትሪዋ፣ በሞቴ እያለች።