የሁለት ሰፈር ድንኳን

ሐሙስ ከሰዓት ከቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ስመለስ ዝናብ መንገድ ላይ ያዘኝና አንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ ተጠለልኩ። ጋሼ ቦጋለንና ሶሬሳን እዚያው ቆመው አገኘኋቸው። ጋሼ ቦጋለ የታች ሰፈር ሰውና የእድራችን ዳኛ ናቸው፤ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ በክር አስረው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ። ሶሬሳ ደግሞ የላይ ሰፈር ልጅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ሕገ መንግሥት ያስተምራል። ሁለቱም በአክብሮት ሰላም አሉኝ፤ ፊታቸው ግን ተኮሳትሯል።

ምክንያቱን አላጣሁትም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር እድሮች ተዋህደው አንድ ትልቅ ድንኳን ገዙ። የታች ሰፈር ሰው ብዙ ነው፤ እኛ የላዮቹ ጥቂት ነን። ያኔ ደንብ ይጻፍ ያለ አልነበረም። በተከበረ ሽማግሌ ፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ማውጣት ሽማግሌውን እንደ መጠርጠር ስለሚቆጠር፣ ዳኛው ያሉት ይሁን ተባለና ሁሉም ተስማማ። ባለፈው ክረምት ግን በአንድ ቀን ሁለት ሰው ሞተ። ድንኳኑ ታች ተተከለ፤ ላይ ሰፈር የላስቲክ ሸራ ተወጠረ። ከዚያ ወዲህ ቅሬታው እየከረረ ሄዶ የላይ ሰፈር ሰዎች በመጪው እሑድ እንለያለን ብለው ቆርጠዋል። ከተለያየን ደግሞ ላይ ሰፈር ለብቻው ድንኳን መግዛት አይችልም፤ ታች ሰፈርም ድንኳን የሚተክል ጉልበት ያላቸውን ወጣቶች ያጣል።

ሶሬሳ መለያየቱን አይፈልግም። ከእሑድ በፊት ደንብ እንዲጻፍ ሊለምን ነበር የወረደው።

«ጠጉሬ እስኪሸብት ዳኝቻለሁ» አሉት ጋሼ ቦጋለ። «ወረቀት የሚፈልግ ሰው እኔን ያላመነ ነው።»

«እርስዎንማ እናምናለን፣ ጋሼ። ከእርስዎ በኋላ የሚመጣውን ግን አናውቀውም።»

ከዚያም ስለ አሜሪካ መንግሥት አመሠራረት ጀመረላቸው። ጋሼ ቦጋለ እጃቸውን አወናጨፉ። «ደግሞ አሜሪካ ገባህ? ልጄ፣ እኛ ያለን ድንኳን ነው። ፌዴራል ልትለኝ ከሆነም ተወኝ፤ ጆሮዬ ከሬዲዮ ጠግቧል።»

ይህ ቃል በአገራችን ሲነሳ ሰው ነገሩን ከመስማቱ በፊት የተናጋሪውን ወገን ይፈልጋል። ሶሬሳ ያንን ስለሚያውቅ ቃሉን ትቶ ነገሩን ብቻ ተረከላቸው። አሥራ ሦስቱ ግዛቶች ከንጉሥ አገዛዝ ከተላቀቁ በኋላ ሌላ ንጉሥ እንዳይመጣባቸው ፈርተው ለማዕከሉ ሥልጣን ነፈጉት። ማዕከሉም ግብር መሰብሰብ፣ የወታደሩን ደሞዝ መክፈል አቃተው። ተነጣጥሎ መቆም እንደማያዋጣ ሲገባቸው ፊላደልፊያ በምትባል ከተማ በበጋ ሙቀት መስኮት ዘግተው መከሩ። ትልልቆቹ ድምፅ በሕዝብ ብዛት ይሁን አሉ፤ ትንንሾቹ እንዋጣለን ብለው እምቢ አሉ። ጉባኤው ሊበተን ሲል ሁለት ምክር ቤት እንዲኖር ተስማሙ፦ በአንደኛው መቀመጫ እንደ ሕዝቡ ብዛት፣ በሌላው ለትንሹም ለትልቁም እኩል። ሁለቱም ካልተስማሙ ሕግ አይወጣም። ጦርነትን፣ ገንዘብን፣ የውጭ ንግድን የመሳሰለው የጋራ ጉዳይ ለማዕከሉ ተሰጠ፤ ያልተሰጠው ለየግዛቱ ቀረ። ሕግ የሚያወጣው፣ የሚያስፈጽመውና የሚፈርደውም ተለያዩ።

ጋሼ ቦጋለ ይህ ሁሉ መጠራጠር ለምን አስፈለገ፣ ጥሩ ሰው መምረጥ አይበቃም ወይ ብለው ጠየቁ።

«ጥሩ ሰውም ይደክማል። ዘመድ ሲሞትበት ደግሞ ልቡ ያዳላል» አለ ሶሬሳ።

«እነዚያ ጥሩ ደንብ ጻፉ የምትላቸው ሰዎች ባሪያ አልነበራቸውም?»

ሶሬሳ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ነበራቸው አለ። ለመቀመጫ ቁጥር ሲሆን ባሪያውን ከሙሉ ሰው አሳንሰው ቆጠሩት፤ በኋላም አገሪቱ እርስ በርስ ተዋጋች። «ደንቡ ጻድቅ አልነበረም፣ ጋሼ። የሚታረምበትን በር ግን ክፍት ትቶ ነበር። ከዚያ ሁሉ ደም በኋላ ባርነትን የከለከሉት በዚያው በር ገብተው ነው።»

እውነቱን አለመሸፈኑን ወደድኩለት። ሽማግሌው ግን አልተሸነፉም።

«እሺ፣ የእነሱስ ይሁን። በእኔ ፍርድ ማን ተጎዳ?»

ይህን ብለው ዞር ሲሉ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። ባለፈው ክረምት ከሞቱት ሁለት ሰዎች አንዱ ባለቤቴ መሆኑን ያን ጊዜ አስታወሱ።

«ሸራው ያፈስ ነበር፣ ጋሼ» አልኳቸው።

የቀረውን እዚህም አልጽፍም።

ጋሼ ቦጋለ አንገታቸው ላይ ያለውን ቁልፍ በመዳፋቸው ጨበጡት። «ታች ለቀስተኛው ይበዛል ብዬ ነው፣ ሐመልማል።»

«አውቃለሁ። ክፋት አልነበረም። ደንብ ቢኖር ግን እርስዎ ይህን አይሸከሙም፤ እኔም እርስዎን አልቀየምም ነበር።»

ዝናቡ አባራ። በኋላ ሶሬሳ በላይ ሰፈር ጫፍ ወደ ሸጎሌ በኩል የሚሠሩትን ፎቆች አሳያቸው። እነዚያ ቤቶች ሰው ሲገባባቸው የሚበዛው ላይ ሰፈር ይሆናል፤ ብዛት የሚፈርድ ከሆነ ያን ጊዜ ሸራ የሚደርሰው ለእነማን ነው?

ሽማግሌው በረጅሙ አዩትና ሳቁ። «አንተ ተንኮለኛ። ይህን መጀመሪያ ብትለኝ ኖሮ አሜሪካ ድረስ ምን አስኬደን?»

እሑድ ዕለት ደንብ ይጻፍ ያሉት ራሳቸው ናቸው። በጠቅላላ ጉባኤ ሁሉም አባል ድምፅ ይሰጣል፤ በኮሚቴው ግን ሁለቱ ሰፈሮች እኩል ተወካይ አላቸው። ድንኳኑ ጡሩምባ ቀድሞ ለተነፋለት ቤት ይሄዳል፤ ለሁለተኛው እድሩ ከጎረቤት እድር ይዋሳል። እያንዳንዱ ሰፈር በለመደው ወግና ቋንቋ ያለቅሳል፤ ኮሚቴው በዚያ አይገባም። ቅሬታ የሚያዩት ከኮሚቴው ውጭ ያሉ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ውሳኔያቸውንም ዳኛው አይሽርም። ደንቡን ለመለወጥ የሁለቱም ሰፈር ስምምነት ያስፈልጋል። የላይ ሰፈር ሰው ይህን ሲሰማ የመለያየቱን ሐሳብ ተወ።

የደንቡ ፈተና የመጣው በሐምሌ ነው። ላይ ሰፈር ለአቶ ነገራ ጡሩምባ በተነፋበት ማለዳ፣ ጥቂት ቆይቶ ታች ሰፈር የጋሼ ቦጋለ እህት እማማ ብርቅነሽ አረፉ። ለዳኛው ሲባል ደንቡ አንድ ቀን ቢታለፍ ምን አለ የሚል ሹክሹክታ ተሰማ። ጋሼ ቦጋለ ዓይናቸው እንደ ቀላ መጥተው ዕቃ ቤቱን በእጃቸው ከፈቱ፤ ወጣቶቹንም ድንኳኑን ወደ ላይ እንዲሸከሙ አዘዙ። ከቀብር መልስ የላይ ሰፈር ሰው ከአቶ ነገራ ድንኳን ተነስቶ በሙሉ ለእማማ ብርቅነሽ ለቅሶ ወረደ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ተኳርፈን በየሰፈራችን እንቀር ነበር።

እኔም ወርጄ ከጋሼ ቦጋለ አጠገብ ተቀመጥኩ። ቀኑን ሙሉ ዘነበ። የተዋስነው ድንኳን አላፈሰም።