ወደ ተራራው ያጋደሉት መሪጌታ

ሞተር ብስክሌት ኩርባ ላይ ምን ያህል ያጋድላል ብትሉኝ፣ የሚወስነው ከኋላ የተቀመጠው ሰው ነው እላችኋለሁ። በደርግ ጊዜ የግብርና ሠራተኛ ሳለሁ፣ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ስወርድ ዕድሜያቸውን ሙሉ በበቅሎ የሄዱ አንድ መሪጌታን አፈናጠጥኩ። «መሪጌታ፣ ኩርባ ላይ እኔ ወዳጋደልኩበት አብረውኝ ያጋድሉ» አልኳቸው። «እሺ ልጄ» አሉ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል። ቁልቁለቱ ላይ መንገዱ ወደ ግራ ታጠፈ፤ በግራ በኩል ያለው ደግሞ ገደል ነው። ሞተሩን ወደዚያው አጋደልኩት፤ ፈጠን ብዬም ነበር፣ አልክድም። በቅሎ የለመደ ሰው ግን ገደል ሲያይ ወደ ተራራው ነው የሚያጋድለው። መሪጌታ ወገቤን ግጥም አድርገው ይዘው በሙሉ ክብደታቸው ወደ ቀኝ ሳቡኝ። ሞተሩ ማንን ይስማ? መታጠፉን ትቶ ቀጥ ብሎ ሄደና ተራራው ሥር ያለው ቦይ ውስጥ ዘረገፈን።

ከጭቃው ስነሳ ጥምጥማቸውን እያስተካከሉ ቆመዋል። «አየህ፣ እኔ ባልጎትተው ኖሮ ይዞን ገደል ሊገባ ነበር። በቅሎ እንኳ ገደል ትፈራለች» አሉኝ። ላስረዳቸው ብሞክር ማን ሰምቶኝ። የአንኮበሯ ከተማ ጎረቤላ ስንደርስ መሪጌታ ይህንኑ በቀበሌው ስብሰባ ላይ ተረኩት፤ ሊቀመንበሩም የመንግሥት ንብረት ከገደል ስላዳኑ አስጨበጨበላቸው። እኔም አጨበጨብኩ፤ በዚያ ዘመን አለማጨብጨብ ከገደሉ ይብስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከጎረቤላ የማፈናጥጠው ሰው ሁሉ ኩርባ በደረስን ቁጥር ወደ ተራራው እያጋደለ ያድነኝ ጀመር።